ጥቆማ፦ ሐዋሳ ላይ ቡችላን ያለ ዱላ ሽንት ማስለመድ

ቡችላ ቤት ውስጥ እየሸና ላስቸገራችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን የት ብታውሉት እንደሚያዋጣ ልንገራችሁ።

አሰልጣኝ ከፈለጋችሁ «ወስጄ አሰልጥኜ እመልሳለሁ» የሚለውን እለፉት። ለጥበቃ ውሻ ይሆን ይሆናል። ለሽንት ግን ቡችላው የሚለምደው የሰውየውን ግቢ እንጂ የእናንተን በር አይደለም። ዱላ ይኑር አይኑርም አታዩም። ቤታችሁ መጥቶ እናንተንም፣ ሠራተኛዋንም፣ ዘበኛውንም የሚያሳየውን ያዙ። ከመስማማታችሁ በፊት «ምንጣፍ ላይ ቢሸና ምን ታደርጋለህ?» በሉት። «አፍንጫውን እዚያው ላይ አሻለሁ» ካለ ሻዩን ጠጥቶ ይሂድ። የተቀጣ ቡችላ የሚማረው ከሰው ተደብቆ መሽናት ነው። ከሶፋው ጀርባ ታገኙታላችሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰዓት የሚያከብር ሰው ቤት ውስጥ ካለ አሰልጣኝም አያስፈልግም። ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ ሲበላ፣ ተጫውቶ ሲጨርስ ወዲያው ወደ ደጅ ነው። የ2 ወር ቡችላ ሽንቱን ከ2 እስከ 3 ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም። መሬቱን እያሸተተ መዞር ከጀመረ ደግሞ አትጠብቁ፣ አንሡት። ሽንቱን እንደጨረሰ እዚያው ቆማችሁ «ጎሽ!» በሉና አንድ ቁራሽ ስጡት። ቤት ከገባ በኋላ ብትሰጡት ለምን እንደተሸለመ አይገባውም።

ለቁራሹ ከሱቅ ብስኩት ይልቅ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል የሚገዛ ዓሣ ይሻላል። እሾሁ በደንብ የወጣለት፣ የተቀቀለ፣ ጥፍር የምታህል። ከሥጋ ቤት ጉበት ወይም ሳንባ የምታመጡ ከሆነ በደንብ ቀቅሉት። ከጥሬው ውሻ የሚይዘው ትል አለ፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል።

ማጽጃ ላይ ሰው ሁሉ በረኪና ያነሣል። እኔ አቼቶ ነው የምላችሁ። በረኪና ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። ሽንቱን በጨርቅ ምጠጡ፣ ከዚያ አቼቶ በእኩል ውኃ በጥብጣችሁ ወልውሉ። ሽታው ካልጠፋ ተመልሶ እዚያው ይሸናልና ጥግ ጥጉን አትርሱ። አቼቶና በረኪናን ግን በፍጹም አትቀላቅሉ! ከአዲስ አበባ የሚመጣላችሁ ሰው ካለ ኢንዛይም (የሽንቱን ሽታ የሚያፈርስ ንጥረ ነገር) ያለው ማጽጃ አስመጡ፣ ከሁሉም ይበልጣል።

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ፣ የሚገዛው የሽንት ምንጣፍ ውድ ነው። በረንዳ ላይ አፈር የተሞላ ሳፋ ይበቃል። ክረምት ላይም ዝናቡን ፈርቶ አልወጣም ለሚል ይሆናል።

ለምዶ የነበረ ውሻ ድንገት ቤት ውስጥ መሽናት ከጀመረ ግን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። 3 ወር ከሞላውና የእብድ ውሻ ክትባት ካልወሰደ፣ በዚያው አስከትቡት።