ሳይክሌ ለምንድን ነው እንዲህ የምትከብደው?

ላብ በላብ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ከሁለት ወር በፊት ያገለገለች ማውንቴን ሳይክል ገዛሁ። ጎረቤቴ ደግሞ ቀጭን ጎማ ያላት የድሮ ሳይክል አለችው። ቀለሟ ረግፏል፣ በዕድሜም ከእኔዋ ትበልጣለች። እሑድ እሑድ አብረን እንወጣለን። እሱ እያፏጨ ይነዳል፣ እኔ ከኋላው ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሜዳ ላይ እኮ ነው የምላችሁ!
ባለፈው «እስቲ እንለዋወጥ» አልኩት። ተለዋወጥን። ይኸው እሱ ማላብ ጀመረ፣ እኔ ሳላስበው ጥዬው ሄድኩ። ስለዚህ ጥፋቱ የእግሬ አይደለም። ሚዛን ላይ ስናወጣቸው የእኔዋ የምትበልጠው በ3 ኪሎ ብቻ ነው። 3 ኪሎ ሰውን እንዲህ ያሰቃያል? ሸጬ ቀላል ልግዛ ወይስ የሚስተካከል ነገር አለ?

ነፋስ ነኝ፦
ክብደት ነው ወንድሜ። ሽጣት፣ ተገላገል።

የቸርኬው ሰው፦
ኧረ እንዳትሸጣት! እስቲ አስላው። አንተ 75 ኪሎ ብትሆን፣ ሳይክሏ 15 ብትሆን፣ ድምሩ 90 ነው። ከ90 ላይ 3 ኪሎ ማለት በመቶ 3 ገደማ ነው። ዳገት ላይ ይሰማሃል፣ ከቆምክበት ስትነሳም ይሰማሃል። ሜዳ ላይ አንዴ ፍጥነት ከያዝክ በኋላ ግን ልብ የምትለው ነገር አይደለም።
እኔ ዓመታት ሳይክል ስጠግን ቆይቻለሁ። «ከበደችኝ» ብሎ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የማነሳው መፍቻ አይደለም፤ መንፊያ ነው። ጎማ መሬት በነካበት ቦታ ይጨፈለቃል፣ ሲለቅ ይመለሳል። ሲጨፈለቅ የወሰደውን ጉልበት ግን ሙሉውን አይመልስም፤ ከፊሉን ሙቀት አድርጎ ያስቀረዋል። አየሩ ባነሰ ቁጥር ይበልጥ ይጨፈለቃል፣ ይበልጥ ይሰርቅሃል። ጎማው ባይበሳም አየሩ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይወጣል። በጣት ተጭኖ መፈተን ደግሞ ያታልላል፣ በተለይ ወፍራም ጎማ ላይ። መለኪያ ያለው መንፊያ ተዋስ። የጎማው ጎን ላይ ከስንት እስከ ስንት እንደሚነፋ ተጽፏል።
ድሮ ለሁሉም ሰው «እስከ መጨረሻው ንፉት» እል ነበር። ተሳስቻለሁ። መንገዱ ኮረኮንች ከሆነ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ያነጥርሃል፤ በየንጥሩ ደግሞ ጉልበት ይባክናል። መካከሉን ያዝ።
ጎማህ ጉጥ ጉጥ ያለበት ከሆነም እያንዳንዱ ጉጥ አስፋልት ሲነካ ይተጣጠፋል። ያ «ጉርርር» የሚለው ድምፅ ደስ ይላል አይደል? በአንተ ጉልበት የሚዘፈን ዘፈን ነው።
ቀጥሎ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስተህ በእጅህ አሽከርክረው። ቶሎ ከቆመ ወይም «ሽ... ሽ...» ካለ ፍሬኑ እየነካው ነው። እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጃለሁ። ለአንድ ወር ያህል ድክም ድክም ሲለኝ ደም ማነስ ነው ብዬ ልመረመር ነበር። ለካ አንዱ የፍሬን ጎማ ቸርኬውን ይዞ ኖሯል! የሌላውን ሳይክል ስጠግን ስውል የራሴን አላየሁም።
ጎማውን ግራና ቀኝ ስትወዘውዘው ከተነቃነቀ፣ ወይም ሲዞር አሸዋ የገባበት ያህል ከተንኳኳ፣ ኩሽኔታው ላይ ሥራ አለ። ሰንሰለቱ ከጮኸም ዘይት ጠብ አድርግበትና ውጭውን በጨርቅ ጥረገው። ካልጠረግከው አቧራ ይሰበስባል።

እመት ፔዳል፦
የቸርኬው ሰው ጥሩ ብለዋል፤ ግን ኮርቻውን ረሱት። ላብ በላብ፣ ስትቀያየሩ የጎረቤትህ ኮርቻ ከአንተው ከፍ አይልም ነበር? ፔዳሉን ወደ ታች አድርገህ ተረከዝህን አሳርፍበት። እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ እንደወትሮህ በፊተኛው የእግርህ ክፍል ስትረግጥ ጉልበትህ በትንሹ ይታጠፋል፤ ልኩ እሱ ነው። ኮርቻ ዝቅ ሲል ቁጢጥ ብሎ እንደመሄድ ነው። ታፋ ያቃጥላል።
ደግሞ «ቀርፋፋ» እና «ከባድ» ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ማርሹን ቁጠር። የጎረቤትህ ከፊት 48 ጥርስ፣ ከኋላ 16 ከሆነ፣ ፔዳሉን አንዴ ስታዞር ጎማው 3 ጊዜ ይዞራል። የአንተ ከፊት 32፣ ከኋላ ያው 16 ከሆነ 2 ጊዜ ብቻ። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ እሱ በአንድ ዙር 6 ሜትር ሲሄድ አንተ 4 ሜትር ትሄዳለህ። ይሄ ቀርፋፋነት እንጂ ክብደት አይደለም። ከባድ ማርሽ ላይ ተቸክሎ ጥርስ ነክሶ መርገጥ ደግሞ ሌላ ነው፤ አቅልለህ ቶሎ ቶሎ አዙር።
ንፋሱንም አትርሳ። የውድድር ሳይክል ላይ ሰው ጎንበስ ይላል፤ ማውንቴን ላይ ደረቱን እንደ መጋረጃ ይዘረጋል። ከ15 ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብትጨምር የአየሩ ግፊት እጥፍ ሳይሆን 4 እጥፍ ይሆናል። በቀስታ ስትሄድ ግን ንፋሱ እምብዛም ነው።
የፊቱ አሞርዛተርስ (ንጥረቱን የሚውጠው ስፕሪንግ)? ተነስተህ ስትረግጥ ወደ ታች ወደ ላይ የምትል ከሆነ ጉልበትህ እዚያ እየገባ ነው። መቆለፊያ ካለው ሜዳ ላይ ቆልፈው።

ላብ በላብ፦
ኧረ ጉድ ነው! ጎማው ላይ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይላል። ስለካው ስንት ሆነ? 18! ሁለት ወር ሙሉ በ18 ስነዳ ነበር። 50 አደረግኩት። የኋላው ጎማ ደግሞ ጠማማ ሆኖ ታስሮ አንዱን ፍሬን ይነካ ነበር፤ ብሎኑን አላልቼ አስተካክዬ አሰርኩት። ኮርቻውን በአራት ጣት ከፍ አደረግኩት። መጀመሪያ ስቆም እግሬ መሬት በደንብ አልደርስ ብሎ ልወድቅ ነበር፣ አሁን ለመድኩት።
ዛሬ ወጣን። ጎረቤቴን አልቀደምኩትም፤ ግን አጠገቡ ሆኜ እያወራሁ ነዳሁ። ስንመለስ ጎንበስ ብሎ የራሱን ጎማ በጣቱ ሲጫን አየሁት።
አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የምነዳው አስፋልት ላይ ብቻ ነው። ጎማውን ልቀይር?

የቸርኬው ሰው፦
ይሄኛው ሲያልቅ ለስላሳ ጎማ ግዛ፤ አሁን አትቸኩል። ስትገዛ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዘህ ሂድ። 26 × 1.95 ካለ የመጀመሪያው ቁጥር (የጎማው ትልቀት) አይነካም፣ ሁለተኛውን (ውፍረቱን) ትንሽ ልትቀንስ ትችላለህ። ለጎረቤትህ ግን በጣቱ እንዳይለካ ንገረው።