«ዋስትናውን ጣለች» ሲሉን ዝም እንበል?

የመንታ እናት፦ አንድ ማስታወቂያ ስልኬ ላይ ብቅ አለና አናደደኝ። «የእትብት ደም ያላስቀመጠች እናት የልጇን የሕይወት ዋስትና ጣለች» ይላል። ከወሊድ በኋላ እትብቱ ውስጥ የሚቀረውን፣ ደም የሚሠሩ ሕዋሳት ያሉበትን ደም ለኋላ ሕክምና በክፍያ አቀዝቅዘው የሚያስቀምጡትን ማለታቸው ነው። የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ፤ ገና ሳልወልድ ተፈረደብኝ!

አዋላጅ ነርስ፦ አይዞሽ እህቴ። ልጁ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ቢይዘው የራሱን የእትብት ደም አብዛኛውን ጊዜ መልሰው አይሰጡትም፤ የበሽታው ጅማሬ እዚያው ደም ውስጥ ሊኖር ይችላል። በዘር የመጣ የደም በሽታ ከሆነማ ያው ጉድለት እዚያም ተቀምጧል። ዋሱ ራሱ ተከሳሽ ነው።

ሳቂታ፦ «ዋሱ ራሱ ተከሳሽ»! ስክሪንሾት አንስቻታለሁ።

ጠበቃው፦ አባባል ማሳመር ሌላ፣ እውነት ሌላ። በ1988 ፓሪስ ውስጥ እነ ዶክተር ኤልያን ግሉክማን ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል በዘር የሚመጣ የደም በሽታ ለነበረበት ልጅ የአራስ እህቱን የእትብት ደም ሰጥተውት ድኗል። ዋስ ማለት ይሄ አይደል?

አዋላጅ ነርስ፦ እሱኮ እህቱ ሳትወለድ ታሞ ነበር! ቤት ውስጥ የታመመ ልጅ ካለ እኔም አስቀምጡ እላለሁ። ጤነኛ ቤት ገብቶ ማስፈራራት ግን ንግድ ነው። ወንድምና እህት እንኳ ሙሉ በሙሉ የሚገጥሙት ከ4 አንድ ነው።

ጠበቃው፦ ከ4 አንድ ሎተሪ ቢሆን ተሯሩጠሽ ትገዢ ነበር።

አዋላጅ ነርስ፦ አንደኛ ወንድ ነኝ።

ሳቂታ፦ ሃሃሃ፣ ጠበቃው ደንበኛውን ሳያውቅ ችሎት ገባ።

ከፋይ፦ እኔ ከፍዬ አስቀምጫለሁ፤ እንቅልፌን ገዛሁ። ምን አገባችሁ?

ሳቂታ፦ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚተኛ እንቅልፍ!

ከፋይ፦ የድሃ ቀልድ።

የመንታ እናት፦ እዚህ ስድብ አያስፈልግም። ይልቅ ደሙን ለመቅዳት እትብቱን ቶሎ ያስሩታል የሚባለው እውነት ነው?

አዋላጅ ነርስ፦ ዋናው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 1 ደቂቃ ጠብቁ ይላል። ልጁ እንደወጣ እትብቱን ስይዘው ጣቶቼ መሃል ትር ትር ይላል፤ ቆይቶ ይላላል፣ ይነጣል። ደሙ ወደ ልጁ ገባ ማለት ነው፤ የብረት ማዕድን ስንቅ ይሆነዋል። በጠበቅን ቁጥር ለከረጢቱ የሚተርፈው ያንሳል። ታዲያ ለልጇ የተወችለት እናት ናት «ጣለች» የምትባለው?

ጠበቃው፦ ጠብቆም መቅዳት ይቻላል፣ አታጋንን።

አዋላጅ ነርስ፦ ይቻላል፤ ግን ሕዋሱ ጥቂት ከሆነ ለትልቅ ሰው አይበቃም። ማስታወቂያው ይህን ጽፏል?

ጠበቃው፦ አንተስ ወንድ መሆንህን ስምህ ላይ ጽፈሃል?