«ትርጉም የለሽ» ያልከው የትኛውን ጦርነት ነው?

የዘማች ልጅ ልጅ፦ ትላንት ማታ አንዱ እዚህ ስለ ማሽ፣ በኮሪያ ጦርነት ስላለ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ስለሚተርከው የቴሌቪዥን ኮሜዲ፣ ሲጽፍ «የኮሪያ ጦርነት ትርጉም የለሽ መሆኑን እንደዚህ የሆስፒታል ኮሜዲ ያሳየ የለም» ብሎ አለፈ። አላስቻለኝም። አያቴ ከኢትዮጵያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። 121 ሰው ሞቶብናል፣ 536 ቆስሏል፣ አንድም የተማረከ የለም። ትርጉም የለሹ የቱ ነው?

ዲሲ ነኝ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ፣ አያትህን አልነካሁም። ማሽ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲጀመር አሜሪካ ገና ከቬትናም አልወጣችም። ስለ ቬትናም በኮሪያ አሳብረው ነው የተናገሩት። ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ሐኪሙ ሆክአይ፣ የሚናደደው በወታደሩ አይደለም፤ ራሱ ሳይሄድ የሰው ልጅ ወደ እሳት በሚልከው ነው።

የዘማች ልጅ ልጅ፦ የኔም ቅሬታ እሱ ላይ ነው። ስለ ቬትናም ማውራት ከፈለጉ ስለ ቬትናም ያውሩ፣ የኛን ሰዎች ጦርነት ለምን ይዋሳሉ? ሦስት ዓመት የፈጀን ጦርነት 11 ዓመት ቀለዱበት። ኮሪያውያን ቹንቾን ከተማ ላይ ለቃኘው ሐውልት ያቆሙት ትርጉም ለሌለው ነገር ነው?

ነርሷ፦ ሁለታችሁም የወንዶቹን ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ 12 ዓመት ኦፕራሲዮን ክፍል ሠርቻለሁ። መጀመሪያዎቹ ሲዝኖች ላይ ነርሶቹ ሐኪሞቹ የሚያሽኮረምሟቸው ልጆች ናቸው እንጂ ባለሙያ አይመስሉም። ማርጋሬት ማዕረጓ ሻለቃ ነው፣ ዋና ነርስ ናት፣ የምትጠራው ግን «ትኩስ ከንፈር» በሚል ቅጽል ነው። እንደ ሰው የተጻፈችው ብዙ ቆይቶ ነው።

ዲሲ ነኝ፦ እህቴ፣ ዘመኑንም እዪ። ሆክአይን የሚጫወተው አላን አልዳ ለሴቶች እኩልነት በአደባባይ የታገለ ሰው ነው።

ነርሷ፦ ዘመኑን አትበለኝ። በዚያ ዘመንም ነርስ ስም ነበራት።

የጉለሌው፦ ኮሪያውያኑስ? አገሩ የነሱ ነው፤ አብዛኞቹ ግን ገበሬ፣ አሽከር፣ ቁስለኛ ሆነው ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ጥቁሩ ሐኪምም ከመጀመሪያው ሲዝን አላለፈም። ተራማጅ የምትሉት ይህን ከሆነ እኔ አልስማማም።

ዲሲ ነኝ፦ ጉድለት የለበትም አላልኩም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቴሌቪዥን ጣቢያው የተመልካች የሚመስል የተቀዳ ሳቅ ካልገባ ሲል፣ ሠሪዎቹ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሳቅ አይገባም ብለው አስከበሩ። የሆስፒታሉ አዛዥ ኮሎኔል ብሌክ ወደ ቤቱ ሲሄድ አውሮፕላኑ ተመትቶ መሞቱ የተነገረውም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ እያለቀሱ መስፋታቸውን ቀጠሉ። ለወታደር ክብር የሌለው ሰው እንዲህ አይሠራም።

የዘማች ልጅ ልጅ፦ ያን ትዕይንት አይቼዋለሁ፣ አልቅሻለሁም። ግን አንተ እንዳልከው ከሆነ ብሌክ ለምንም ነው የሞተው። አያቴ የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሞ ከተራራ ወርዷል። ለምንም ነው የደከምከው የሚለው ሰው ቢመጣ ከቤቱ ያስወጣው ነበር።

ዲሲ ነኝ፦ «ለምንም» አላልኩም። ቃሌን አታጣምምብኝ።

የዘማች ልጅ ልጅ፦ ታዲያ «ትርጉም የለሽ» በአማርኛ ሌላ ምን ማለት ነው?

ነርሷ፦ የኔን ጥያቄ የመለሰ ግን የለም።