«ዘላቂ» የሚል ስም የያዘ ፈንድ ውስጡ እንዴት ይፈተሻል?

ቆጣቢ
ለጡረታ በየወሩ የሚቀመጠው ገንዘብ ትምባሆ፣ ጦር መሣሪያና የድንጋይ ከሰል ውስጥ እንዳይገባ ከተፈለገ፣ ስሙ ላይ «ዘላቂ» ወይም «ኢኤስጂ» (የአካባቢ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር መስፈርት) የሚል ፈንድ፣ ማለትም የብዙ ቆጣቢዎችን ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛ ተቋም፣ መምረጥ ይበቃል? ለንጽጽር የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው «ኤኤ» የሚል ደረጃ አለው፣ ዓመታዊ ክፍያው 0.2 በመቶ ነው። ሁለተኛው «18» ይላል፣ ክፍያው 0.8 በመቶ። ከየት ይጀመራል?

ሚዛን
ስሙን ይተዉትና ፕሮስፔክተሱን (የፈንዱን ደንብ የያዘውን ይፋዊ ሰነድ) ይክፈቱ። የማይገዙ ኩባንያዎች የተዘረዘሩበትን ክፍል ፈልገው ምን እንደተከለከለ፣ ክልከላው ከገቢ ስንት በመቶ ላይ እንደሚጀምርና የትኛውን ሥራ እንደሚመለከት ያንብቡ። ሰው የሚሳሳተው የመጨረሻው ላይ ነው። «ከትምባሆ ምርት 5 በመቶና ከዚያ በላይ ገቢ ያለው» የሚለው ሐረግ አምራቹን ያስወጣል፤ አከፋፋዩንና የሲጋራ ማጣሪያ አቅራቢውን ግን አይነካም። «አወዛጋቢ የጦር መሣሪያ» ሲባልም አብዛኛውን ጊዜ የተቀበረ ፈንጂ፣ የክላስተር ቦምብ፣ ኬሚካላዊና ባዮሎጂካዊ መሣሪያ ማለት ነው። ተዋጊ አውሮፕላን የሚሠራው ኩባንያ በዚህ ቃል አይወጣም። ሁሉም የጦር መሣሪያ እንዲወጣ ከፈለጉ «መደበኛ የጦር መሣሪያ»ም በግልጽ መጠቀስ አለበት።

ቀጥሎ ሙሉውን የይዞታ ዝርዝር (ፈንዱ የያዛቸውን አክሲዮኖች) ያውርዱ። የፈንዱ ድረ-ገጽ ላይ ጎልተው የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ 10 ብቻ ናቸው። በዘርፍ ሲለዩት «ኢነርጂ» ላይ አይቁሙ፤ በከሰል ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት የሚመደቡት «ዩቲሊቲ» (የመብራት፣ የውሃና የመሳሰሉት አገልግሎቶች) ውስጥ ነው።

ነጥብ_በነጥብ
ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር አይቻልም። «ኤኤ» ኤምኤስሲአይ የተባለው ደረጃ ሰጪ ድርጅት የሰጠው ከሆነ ከ«ሲሲሲ» እስከ «ኤኤኤ» ከሚወጣው መሰላል ላይ ከፍ ያለ እርከን ነው። «18» ሰስቴይናሊቲክስ የተባለው ሌላ ደረጃ ሰጪ የሰጠው ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ነው የሚሻለው፤ ከ10 እስከ 20 ዝቅተኛ ስጋት፣ ከ40 በላይ ከባድ ስጋት ይባላል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ሁለቱም በዋናነት የሚመዝኑት የአካባቢና የማኅበራዊ ጉዳዮች በኩባንያው ዋጋ ላይ የሚያመጡትን ስጋት መሆኑ ነው። ኩባንያው በሰውና በምድር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ጥያቄ ነው። ኤምኤስሲአይ ደግሞ እያንዳንዱን ከዘርፉ እኩዮች ጋር ስለሚያወዳድር አንድ የነዳጅ ኩባንያ ጥሩ ደረጃ ቢያገኝ ስህተት አይደለም፤ መለኪያው የተሠራው እንዲህ ነው። ስለዚህ ደረጃውን የክልከላ ምትክ አድርጎ መጠቀም አያዋጣም።

ሕግ_አዋቂ
ፈንዱ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የሚሸጥ ከሆነ ስሙም ትንሽ ይናገራል። ከእ.ኤ.አ. ሜይ 2025 ጀምሮ ነባሮቹም ጭምር «ኢኤስጂ» ወይም «ዘላቂ» ብለው ለመጠራት ቢያንስ 80 በመቶው ይዞታቸው ቃላቸውን የሚከተል መሆን አለበት። ከድንጋይ ከሰል 1 በመቶ፣ ከዘይት ነዳጅ 10 በመቶ፣ ከጋዝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ገቢ ያለውን ኩባንያም መያዝ አይችሉም። «ሽግግር» የሚለው ቃል ግን እነዚህን የነዳጅ ክልከላዎች አያስከትልም፤ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። በኅብረቱ ደንብ «አንቀጽ 8» እና «አንቀጽ 9» የሚባሉት የፈንድ ዓይነቶችም የመረጃ አሰጣጥ ምድቦች እንጂ የጥራት ማኅተም አይደሉም።

ቆጣቢ
አመሰግናለሁ፣ ግልጽ ነው። የ0.6 በመቶ የክፍያ ልዩነቱስ?

ሚዛን
ትንሽ አይደለም። 10,000 ዶላር ከክፍያ በፊት በዓመት 6 በመቶ ቢያድግ፣ ከ20 ዓመት በኋላ በ0.2 ክፍያ 30,900፣ በ0.8 ክፍያ 27,600 ገደማ ይሆናል። ፈንዱ ኢንዴክስ (አስቀድሞ የተዘጋጀ የአክሲዮኖች ዝርዝር) ተከትሎ ጥቂት ስሞች የሚሰርዝ ብቻ ከሆነ ያንን 3,300 የሚያስከፍል ሥራ አልሠራም።

ነጥብ_በነጥብ
ከፍ ያለ ክፍያ ትርጉም የሚኖረው ፈንዱ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ ድምፁን በእርግጥ ሲጠቀምበት ነው። የያዙትን አክሲዮን ሲሸጡ ሌላ ሰው ይገዛዋል፤ ከኩባንያው ካዝና በቀጥታ የሚጎድል የለም። በ2021 ኤንጂን ናምበር ዋን የተባለ አነስተኛ ፈንድ ከነዳጅ ኩባንያው ኤክሶንሞቢል አክሲዮን 0.02 በመቶ ገደማ ብቻ ይዞ ሦስት የቦርድ አባላት ማስመረጥ የቻለው ትልልቅ ባለድርሻዎች ስለደገፉት ነው። በአሜሪካ የተመዘገቡ ፈንዶች የሰጡትን ድምፅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 31 «ኤን-ፒኤክስ» በሚባለው ቅጽ ያሳውቃሉ። እዚያ ውስጥ የአየር ንብረትና የሠራተኛ መብት የውሳኔ ሐሳቦችን ይፈልጉና ፈንዱ ስንቱን እንደደገፈ ይቁጠሩ።