ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር የወፍ ጉብኝት አለ፣ ወፍ የማላውቅ ሰው ብሄድ ምን እጠቅማለሁ?

ቀበሌ14_ልጅ

ሰላም እንዴት ናችሁ የባህር ዳር ልጆች። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሀይቁን ዳር ዳሩን ከአስጎብኚ ጋር በእግር እየተሄደ ወፍ የሚታይበት ፕሮግራም አለ ብላ ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ ላከችልኝ፣ በነጻ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያየነውን ኢበርድ የሚባል አፕ ላይ እናስገባለን ለሳይንስ ይጠቅማል ይላል። እኔ ወፍ ደስ ይለኛል ግን እውቀቴ ፔሊካን፣ ቁራ፣ ጭልፊትና እርግብ ላይ ያበቃል፣ ከዛ ያለፈው ሁሉ ለኔ "ትንሽዬ ወፍ" ነው። ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) የለኝም፣ ያለኝ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቴክኖ ነው።

እና የኔ አይነቷ የምታስገባው ነገር ሳይንሱን አያበላሽም ወይ? ደሞ 11 ዓመት የሆነው ወንድሜ ካልሄድኩ እያለ ነው፣ ይሰለቻል ይሆን? እናቴ በበኩሏ "በጨለማ ውሃ ዳር ምን አባሽ ልትሰሪ ነው፣ ጉማሬ አለ" እያለች ነው። የምታውቁ በማርያም መልሱልኝ።

ክንፍና_ላባ

ሂጂ እህቴ፣ ምን ይጠየቃል። አለማወቅሽ ምንም አያበላሽም፣ የሚያበላሸው ያልለየሽውን ወፍ ስም ሰጥተሽ ማስገባት ነው። አፑ ላይ "ዋኖስ ነገር፣ አይነቱ ያልተለየ" አይነት ምርጫም ስላለ እሱን ትመርጫለሽ ወይም ትተይዋለሽ። በአካባቢው ያልተለመደ ወፍ ካስገባሽ ደሞ ራሱ ምልክት ያደርግበትና ገምጋሚ የሆነ ሰው ፎቶ ወይ ማብራሪያ ሊጠይቅሽ ይችላል፣ አትደንግጪ፣ ክስ አይደለም።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ ሰዓት። አፑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምረሽ 12:30 ብለሽ ከሞላሽ ወይ እኩለ ሌሊት ወይ እኩለ ቀን ላይ ፔሊካን ስትቆጥሪ ነበር ማለት ነው፣ 6:30 ኤኤም ነው የሚባለው። እዛው ጉዞውን ስትጀምሪ ስታርት ካልሽው ግን ሰዓቱንም የሄድሽበትን ኪሎሜትርም ራሱ ይይዝልሻል። ሁለተኛ መጨረሻ ላይ "የለየሃቸውን ወፎች በሙሉ ነው ያስገባኸው?" ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ጋ አዎ ለማለት ቁራውንም እርግቡንም ማስገባት አለብሽ፣ ቆንጆ ቆንጆውን ብቻ መርጠሽ አዎ ካልሽ ዳታውን የሚያየው ሰው የዛን ቀን ባህር ዳር ቁራ አልታየም ብሎ ነው የሚወስደው። እኔ እንደውም ቁራ በደንብ የቆጠረ ሰው ብርቅ ወፍ ካሳደደ ይበልጥብኛል፣ ብዙዎች አይስማሙም ግን።

ሜርሊን የሚባለውንም አፕ ጫኚ፣ እሱም ነጻ ነው፣ ኢትዮጵያን የሚያካትተውን ፓክ (የአካባቢውን ወፎች መረጃ የያዘውን ፋይል) ቤት ዋይፋይ ካለ ቀድመሽ አውርጂው፣ ውሃ ዳር ኔትወርክ ሲጠፋ ያለ ዳታም ይሰራል። መልኩንና መጠኑን ስትነግሪው "ይህ ይሆን?" ብሎ ያመጣልሻል፣ "ይሆን" ነው የሚለው እንጂ "ነው" አይልም፣ ራስሽ አይተሽ አረጋግጪ።

የጀልባ_ሰው

ልጄ እናትሽ ልክ ናቸው፣ ጉማሬ ቀልድ አይደለም። ሌሊት ሳር ሊግጥ ከውሃ ይወጣና ንጋት ላይ ይመለሳል፣ አደገኛው ያኔ ነው፣ በእሱና በውሃው መካከል እንዳትገቢ፣ በተለይ አባይ ከሀይቁ ወደሚወጣበት በኩል። ከቡድን አትነጠሉ፣ ደንገሉ ጥቅጥቅ ያለበት ውስጥ ልግባ የሚል ልጅ ካለ እጁን ያዢው። ነጋ ጠባ ጎብኚ የሚመራ ሰው የሚሄድበትን ያውቃል።

ልጁ አይሰለችም። ዓሳ የሚወርድበት ቦታ ውሰዱት፣ ፔሊካኖቹ ዓሳው ሲጸዳ የሚጣልላቸውን እየጠበቁ ሰው እግር ስር ይቆማሉ፣ ያ ከአንገቱ ስር ያለው ከረጢት ሲወጠር በባዶ ዓይን ነው የምታይው ባይኖኩላርም አያስፈልግ። ከዛ ጥቁርና ነጭ የሆነውን ፓይድ ኪንግፊሸር አሳይው። አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል፣ ሰውነቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል ጭንቅላቱ ግን ንቅንቅ አይልም፣ ዓይኑን ታች ተክሎ ይቆይና ጥልቅ ይላል። ጃካና የሚባልም አለ፣ ጣቱ እንዴት ያለ ረጅም መሰለሽ፣ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ነው የሚራመድ። ጫጩት የሚያሳድገው አባትየው ነው፣ አደጋ ሲመጣ ልጆቹን ክንፉ ስር ሸጉጦ ይነሳል፣ እግራቸው ብቻ በጎን ተንጠልጥሎ ይታያል። ይህን ያየ ልጅ ቤት ግባ ብትይው አይገባም።

አባይ_ማዶ

ይቅርታ አድርጉልኝና እምቦጭ ሀይቁን እየበላው እናንተ ወፍ ትቆጥራላችሁ። ደሞ አፑ የአሜሪካኖች ነው፣ በነጻ ዳታ ሰብስቦ ለፈረንጅ መስጠት ምን የሚሉት ሳይንስ ነው?

ክንፍና_ላባ

አባይ ማዶ ጥያቄህ አይከፋም። አዎ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል ነው በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ግን ዳታውን ጠይቆ በነጻ ማውረድ ይቻላል፣ እዚሁ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሁፍ የሚሰራ ልጅም ሊጠቀምበት ይችላል። እምቦጭ ያልከው ደሞ እኮ ለመቁጠር ዋናው ምክንያት ነው። ጣና ላይ የታየው ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፣ ፔሊካን ለመዋኘት ክፍት ውሃ ይፈልጋል፣ ጃካና ተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ይኖራል፣ ሁለቱ እኩል አይነኩም። የቱ ቀነሰ የቱ ጨመረ ለማለት ከዓመት ዓመት አንድ ቦታ በተመሳሳይ መንገድ የተቆጠረ ቁጥር ያስፈልጋል፣ "ድሮ ብዙ ነበር" ብሎ ማውራቱ ለማንም ማስረጃ አይሆንም። ፎገራ በኩል ሸሸርና ወለላ ረግረግ ላይ ከአውሮፓ መጥቶ የሚከርመውን ክሬን የሚባል ባለ ረጅም እግር ወፍ አስብ፣ ረግረጉ ሲታረስ የት እንደሚሄድ የሚያውቀው የቆጠረ ሰው ነው። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ የውሃ ወፎች ቆጠራ በአፍሪካ ደረጃ የሚደረገውም ለዚሁ ነው።

እህቴ አንድ የረሳሁት፣ ፔሊካን በመንጋ ሲመጣ አንድ በአንድ አትድከሚ፣ መጀመሪያ 10 ቁጠሪና ያ 10 ምን ያህል ቦታ እንደያዘ አይተሽ መንጋው ስንት እንደዛ እንደሚሆን ገምቺ። ኪንግፊሸር ደሞ ከፊት ከፊታችሁ እየተነሳ እየቀደመ ስለሚሄድ ያንኑ ወፍ አምስቴ እንዳትቆጥሪው።

ምንቃር

ሚያዝያ ላይ መሆኑም ጥሩ ነው፣ ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው የከረሙት እየተመለሱ ያሉበት ጊዜ ነው፣ ከብት እግር ስር ነፍሳት ሲለቅሙ የምታያቸው ሆዳቸው ቢጫ ጅራታቸውን ወደላይ ወደታች የሚያደርጉት ዋግቴሎች የመጨረሻዎቹን ታገኚ ይሆናል። በፈረንጆች ሜይ ሁለተኛ ቅዳሜ ላይ ደሞ ግሎባል ቢግ ደይ የሚባል ዓለም ሁሉ በአንድ ቀን የሚቆጥርበት ነው፣ ይሄኛውን እንደ ልምምድ ቁጠሪው። ልብስ ደማቅ አትልበሺ፣ ነጭ ነጠላም ይቅር። እና ባይኖኩላር የያዘ ሰው ድልድይና ግድብ አካባቢ ወደ ጥበቃ ሳያነጣጥር ቢጠነቀቅ፣ ከማስረዳት ያድናል።

ቀበሌ14_ልጅ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ የጀልባው የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላት፣ "እናትሽ ልክ ናቸው" የሚለው ላይ ስደርስ ፈቀደች። አንድ የመጨረሻ፣ 15 ሰው ሆነን ብንሄድ ሁላችንም ያየነውን ለየብቻ ነው የምናስገባው?

ክንፍና_ላባ

አይ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ አስጎብኚው። እሱ ጨርሶ ሲልክ ሊስቱን ሼር ያደርግላችኋል፣ ኢሜላችሁን ስጡት፣ አክሰፕት ስትሉ በስማችሁም ይገባል፣ እናንተ ያያችሁት እሱ ያላየው ወፍ ካለ በራሳችሁ ኮፒ ላይ ትጨምራላችሁ። ሁላችሁም ለየብቻ ከላካችሁት ግን አንዱ ፔሊካን 15 ይሆናል። አካውንቱን ዛሬ ማታ ክፈቺ፣ ቅዳሜ ጠዋት እዛ ቆመሽ ፓስወርድ ስትፈልጊ ወፉ አይጠብቅሽም።