ሊነሳ ሲል ድንገት ቆመ፤ አሁንም በዚሁ አውሮፕላን ትሄዳላችሁ እያሉን ነው። ልውረድ?

መስኮት ዳር (ጠያቂ)፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ባትሪዬ እያለቀ ነው። አሁን አውሮፕላን ውስጥ ነኝ። ማኮብኮቢያው ላይ በሙሉ ጉልበቱ እየሮጠ ሳለ ድንገት ፍሬን ያዘ። ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን። ካፒቴኑ "የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶብን ነው" ብሎ ጸጥ አለ። ዳር ይዘን ቆመናል፤ የእሳት አደጋ መኪኖች ከበውናል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ቴክኒሻን አይቶት በዚሁ እንቀጥላለን እያሉ ነው። ከዚያ የምይዘው ሌላ በረራ አለኝ። ልውረድ ወይስ ልቀመጥ?

ቀበቶ እሰሩ፦
እሳት አደጋ ከቦሽ እኛን ትጠይቂያለሽ? እነሱ ይቀርቡሽ የለ እንዴ!

ሻንጣዬ የት ገባ፦
ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ነው። ጠብቂ።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ምን ዓይነት አውሮፕላን ነው ልጄ? የቱ መብራት ነው የበራው? ፍጥነቱስ ምን ያህል ደርሶ ነበር?

መስኮት ዳር፦
ጋሼ፣ ፍጥነቱን በምን አውቃለሁ? ሁለት ሞተር ያለው ነው። የቱ መብራት እንደሆነ አልነገሩንም። አጠገቤ ያሉት ሰውዬ "አብራሪው ልጅ ስለሆነ ደንግጦ ነው" ይላሉ።

ካፒቴን በምኞት፦
ሰውዬውን ተያቸው። ይሄ በድንጋጤ የሚወሰን ነገር አይደለም። ቪ ዋን የሚባል ፍጥነት አለ። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ይሰላል። ክብደቱ፣ የማኮብኮቢያው ርዝመት፣ ነፋሱ፣ የአየሩ ሙቀት፣ አስፋልቱ እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ሁሉም ይገባበታል። ከቪ ዋን በፊት ማቆም ይቻላል። ካለፈ በኋላ ግን አንድ ሞተር እንኳ ቢጠፋ ይነሳል እንጂ በፍጹም አይቆምም። ከ80 ወይም ከ100 ኖት በታች ደግሞ በትንሽ ነገርም ይቆማል። ቁጥሩ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ 100 ኖት በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ የሚቆመው ለእሳት፣ ለሞተር መጥፋት ወይም አውሮፕላኑ መብረር አይችልም ለሚያሰኝ ነገር ነው። ስለዚህም ብዙዎቹ ቀላል ማስጠንቀቂያዎች በዚያ ፍጥነት ላይ ሆን ተብሎ እንዲታፈኑ ይደረጋል፤ አብራሪውን እንዳያዘናጉት።

ቀበቶ እሰሩ፦
ባትሪዋ እያለቀ ነው አለች እኮ፣ አንተ ትምህርት ቤት ከፈትክ።

እኔ አልስማማም፦
ካፒቴን በምኞት፣ "በፍጹም" አትበል። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ፣ ሚቺጋን ውስጥ የዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን የጫነ ኤምዲ 83 የሚባል አውሮፕላን ቪ ዋንን ካለፈ በኋላ ነው የቆመው። አብራሪው ቢስብ ቢስብ አፍንጫው አልነሳ አለ። መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ኃይለኛ ነፋስ ጭራው ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ አበላሽቶት ነበር። ማኮብኮቢያውን ጥሶ ወጣ፤ ግን ሁሉም ሰው ተረፈ። ቢነሳ ኖሮ ብለህ አስበው፣ መነሳት ራሱ አይችልም ነበር።

ጠያቂዋ፣ ያንቺም ጥያቄ አነሳሱ ልክ አይመስለኝም። ስለቆመ አውሮፕላኑ አደገኛ ነው ብለሽ ደምድመሻል። መብራቱ በርቶ ዝም ብሎ ቢነሳ ነበር "ልውረድ" የሚያሰኘው፤ ያኔ ደግሞ መውረጃ የለም።

ሻንጣዬ የት ገባ፦
ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ነው አልኳችሁ።

ጡረተኛው መካኒክ፦
የሚሸትሽ ፍሬኑ ሳይሆን አይቀርም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ደግሞ ስትቆሙ ወዲያው አይወርድም፤ ከቆማችሁ በኋላም ለደቂቃዎች ይጨምራል። እሳት አደጋዎቹ የሚጠብቁት እሱን ነው። ጎማ ሲተነፍስ ብታዪም አትደንግጪ። ቸርኬው ላይ ሙቀት ሲበዛበት የሚቀልጥ መሰኪያ አለ። እሱ ቀልጦ አየሩን ያስወጣል፣ ጎማው እንዳይፈነዳ።

መብራቱን በተመለከተ፣ አንዳንዴ የተበላሸው ራሱ ሴንሰሩ ነው። በሩ ተዘግቶ "አልተዘጋም" የሚል ሴንሰር ስንት ጊዜ አልፍቶናል! ቴክኒሻኑ ወይ ይጠግነዋል፣ ወይ ደግሞ ያለ እሱ መብረር የሚፈቀድ ከሆነ በተፈቀደው ዝርዝር መሠረት መዝግቦ ይፈርማል። ካፒቴኑ ያንን አይቶ ካልተቀበለ ንቅንቅ አይልም። አስተናጋጇን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ብልሽቱ ተፈርሞ ተዘግቷል ወይ? ፍሬኑስ የመቀዝቀዣ ጊዜውን ጨርሷል ወይ? ሁለቱም አዎ ከሆነ እኔ ብሆን እቀመጣለሁ። መልስ ከሌላቸው ልውረድ ማለት መብትሽ ነው። ግን ሳይፈቅዱልሽ ከወንበርሽ አትነሺ፤ በር አጠገብም አትሂጂ።

ትኬት ቆራጭ ነበርኩ፦
ከመውረድሽ በፊት ይቺን አንብቢ። ሁለቱም በረራ በአንድ ትኬት ከሆነ ያመለጠሽን የሚያስተካክልልሽ አየር መንገዱ ነው። በራስሽ ፈቃድ ከወረድሽ ግን የቀረው ጉዞ ሊሰረዝብሽ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ትኬቴ ምን ይሆናል በያቸው። የተጫነ ሻንጣ ካለሽም ተፈልጎ ይወርዳል፤ ሰዉ ሁሉ ባንቺ ምክንያት ይቆማል። ለየብቻ ከገዛሽው ደግሞ "አልመጣችም" ብለው ሳይሰርዙሽ ለሁለተኛው አየር መንገድ አሁኑኑ ደውይ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ ከሆነ፣ የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የቴክኒክ ብልሽት በአብዛኛው ካሳ ላለመክፈል ሰበብ አይሆንም ብሏል። የመሳፈሪያ ወረቀትሽን አትጣይ።

ቀበቶ እሰሩ፦
መስኮት ዳር፣ አለሽ? ተነሳችሁ ወይስ ወረድሽ?

እኔ አልስማማም፦
ስልኳ ጠፍቶ ይሆናል።

ሻንጣዬ የት ገባ፦
ቀዝቅዞላቸው ሄደዋል። አላልኩም?

ጡረተኛው መካኒክ፦
መቀዝቀዙ ብቻ አይበቃም ወዳጄ። በከፍተኛ ፍጥነት ከቆመ ጎማውም ፍሬኑም ይፈተሻል፤ ሲያስፈልግ ይቀየራል። እንደዚያ ከሆነ ሁሉንም አውርደው ወደ ተርሚናል ይመልሷቸዋል። ልጅት፣ ቻርጅ ስታደርጊ ጻፊልን።