ማታ ለጸሎት ስቆም እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ምን ይሻለኛል?

የኮምቦልቻዋ

ሰላም እህቶቼ፣ እንዴት ናችሁ? ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ልጠይቅ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ገና ሳይነጋ እነሳለሁ፣ ልጄን አጥብቼ፣ ገንፎዋን ሠርቼ፣ ለእናቴ ትቻት እወጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ነኝ። የሰዓቱ ታርጌት ካልሞላ ሱፐርቫይዘሯ ከጀርባዬ መጥታ ትቆማለች። ማታ ስገባ ደግሞ ወጥ አለ፣ የልጅ ልብስ አለ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን አለ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ በባቲ አድርጎ ሚሌ፣ ከዚያ ጅቡቲ፤ ቤት ሲመጣ እንግዳ የመጣ ነው የሚመስለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ሰንበት ትምህርት ቤት እያለሁ ውዳሴ ማርያም ሳልደግም አልውልም ነበር። አሁን ሁሉም ከተኛ በኋላ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እቆማለሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት ብዬ እጀምራለሁ፣ «ሲሳየነ» ጋ ሳልደርስ ጉልበቴ ይከዳኛል። አንዳንዴ ግንባሬ ቁም ሳጥኑ ላይ ተደግፎ ነው የምነቃው። መስከረም 21 ግሸን ደርሼ ስመለስ ትንሽ ጊዜ ልቤ ይሞቃል፣ ከዚያ ሰርቪስ፣ ማሽን፣ ወጥ፣ እንቅልፍ፣ ያው ነው።

ከጎኔ የምትሠራው ልጅ ሙስሊም ናት። ምሳዋን ቶሎ በልታ፣ ዉዱእ አድርጋ፣ ሰግዳ ትመለሳለች። ሥራዋ ከእኔ አያንስም፣ ልጅም አላት። እኔ በዚያ ሰዓት ስልክ ስነካካ ነው የምቆየው። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁባት።

አሁን ደግሞ ጾመ ነቢያት ገባ። እናቴ «እያጠባሽ የምን ጾም ነው» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ጸሎቱም ጾሙም ከሌለ ክርስትናዬ ምኑ ላይ ነው እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን የምሄደው እሁድ ነው፣ እሱም ኦቨርታይም ከሌለ። እንዲህ ተቆራርጦ የሚቀር ጸሎት እግዚአብሔር ይቀበለዋል? የምትሠሩና ልጅ ያላችሁ እንዴት ነው የምታደርጉት? «ተግተሽ ጸልዪ» ብቻ እንዳትሉኝ፣ እሱንማ አውቃለሁ።

እናት ከሆጤ

ልጄ ልበልሽ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም። ደሴ ነኝ፣ ልጆቼን ያሳደግኩት ሰኞ ገበያ በርበሬና ሽሮ እየሸጥኩ ነው፣ ስለዚህ የምትይው ድካም አይጠፋኝም።

መጀመሪያ ማታውን ተይው። ጸሎቱን አላልኩም፣ ሰዓቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ጉልበትሽን ለሰው ሁሉ አከፋፍለሽ ለእግዚአብሔር የተረፈሽን ይዘሽ ነው የምትቆሚው፣ እንዴት አትተኚ? ሐዋርያትም እኮ ጌቴሴማኒ ላይ ተኝተዋል፣ ያውም ጌታ አጠገባቸው እያለ። «መንፈስስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው» ያላቸው ያን ጊዜ ነው። ወቀሳቸው፣ ግን አላባረራቸውም፤ ሲነሱም ይዟቸው ነው የሄደው።

ዳዊት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ባለው መሠረት ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። ልብ ብለሽ ከቆጠርሻቸው ብዙዎቹ አንቺ ሥራ ላይ ባለሽበት ሰዓት ነው የሚውሉት። ሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ነው። ስድስት ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት፣ አሥራ አንድ ሰዓት የተቀበረበት። ምሳ የምትወጡት ወደ ስድስት ሰዓት ነው አይደል? እንግዲያው ከማሽኑ ስትነሺ፣ እጅሽን ስትታጠቢ፣ በልብሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይ። ሦስት ጊዜም ቢሆን። የተሰቀለበት ሰዓት መሆኑን እያሰብሽ በይው፣ ያኔ ምሳውም ሌላ ምሳ ነው የሚሆንብሽ። ቆመሽ ምሥራቅ መዞሩ ቤትሽ ስትሆኚ ይደርሳል።

ውዳሴ ማርያሙንም እንደ ድሮው ሙሉውን ካልደገምኩ ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ። የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ ተከፍሎ ተቀምጦልሻል፣ የዕለቱን ብቻ ያዢ። ሰርቪስ ላይ ስልክሽን አውጥተሽ ማንበብ ትችያለሽ፣ ስልኩ ለዚህም ይሆናል። እናንተ ኮምቦልቻ ስለሚሞቃችሁ ታድላችኋል፤ እዚህ ደሴ በኅዳር ብርድ የጦሳ ተራራ ጉም ሳይገለጥ ከብርድ ልብስ መውጣቱ ራሱ ገድል ነው።

እንጀራ ስትጋግሪ ደግሞ አስቢው። ሊጡን አዙረሽ፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን ትከድኛለሽ፣ ከዚያ እስክትከፍቺው ድረስ ያለው ጊዜ የማንም አይደለም፣ ያንቺ ነው። እኔ የምለካው በጸሎት ነበር። አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ተብሎ ሲያልቅ እንጀራው ይወጣል። ከቸኮልሽ ጥሬ ነው፣ ሐሳብሽ ከሄደ ያራል፣ ስለዚህ ጸሎቱን በልኩ ነው የምትይው። ልጆቼ «እማዬ ምጣድ ላይ ምን ታወሪያለሽ» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ሴቷ ልጄ በኤሌክትሪክ ምጣድ ስትጋግር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ አልጠየቅኳትም።

የግሸኑን ነገር ከቤትሽ ጋር አታወዳድሪው። ግሸን ላይ ታርጌት የለብሽም፣ ወጥ አትሠሪም፣ ዙሪያሽ ሁሉ የሚያለቅስና የሚዘምር ሰው ነው። ማን ነው እዚያ ልቡ የማይሞቅ?

ስለ ጾሙ፦ የምታጠባ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕመምተኛ ማረፊያ አላቸው፣ ግን በራስሽም አይደለም በእናትሽም አይደለም የሚፈታው፣ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ሰዓቱን ትተሽ የጾም ምግብ ብቻ ብዪ ሊሉሽ ይችላሉ፣ ጨርሰው ሊፈቱሽም ይችላሉ። ያሉሽን ያዢ፣ ከዚያ በኋላ አትጨነቂ።

ዝምተኛው

ለስልክ ጊዜ ካለሽ ለጸሎትም አለሽ። ቲክቶኩን አጥፊውና ሞክሪ።

ፒያሳ አካባቢ

@ዝምተኛው ወንድሜ፣ ማታ እራትህን ማን ነው የሚያቀርብልህ? እሷን አስቀምጠህ አንተ ሳህኑን አጥበህ ከመጣህ በኋላ ስለ ጊዜ እናወራለን 😄

ዶርቃ

እኔ ወንጌላዊት አማኝ ነኝ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ እኔም ስፌት ላይ ነኝ። በሥርዓቱ እንለያይ ይሆናል፣ ድካማችን ግን አንድ ነው፣ ስለዚህ ልግባ።

ሐናን ታውቂያታለሽ። ስለ ልጅ ብላ ያለቀሰችው፣ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካህኑ ዔሊ አይቶ ሰክራለች ያላት። ሁላችንም እዚያ ላይ እናቆማለን። ትንሽ ዝቅ ብለሽ አንብቢ፣ አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 መጨረሻው አካባቢ። ሳሙኤል ከተወለደ በኋላ ባሏ ሕልቃና ቤተሰቡን ይዞ ለዓመቱ መሥዋዕት ወደ ሴሎ ሲወጣ እሷ አልወጣችም። ልጁ ጡት እስኪተው እቀመጣለሁ አለች። እሱም «በዓይንሽ ደስ ያሰኘሽን አድርጊ» አላት እንጂ መንፈሳዊነትሽ ቀነሰ አላላትም። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ብላ እንደጸለየች መጽሐፉ አይነግረንም፣ ልጇን እያጠባች ተቀመጠች ብቻ ነው የሚለው። ያ ትልቁ የምዕራፍ 2 ጸሎቷ የመጣው ልጁ ጡት ከተወ በኋላ ነው። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ሳጠባ ይሄን ሳነብ ምን ያህል እንደቀለለኝ አልነግርሽም። ኢሳይያስ 40 ላይም ስለ እረኛው ሲናገር «የሚያጠቡትንም በቀስታ ይመራል» ይላል። በቀስታ ነው እህቴ። ሱፐርቫይዘርሽ ናት የምታጣድፍሽ፣ እሱ አይደለም።

ሌላው፣ የምንሠራውን ሥራ ከጸሎት አትለዪው። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ፣ ዶርቃ የሚሏት፣ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነው። ስሜን ከዚያ ነው የወሰድኩት። በርግጥ እኛ የምንሰፋው ለመበለት ሳይሆን ለኤክስፖርት ነው፣ ደመወዙም ያው የምታውቂው ነው፣ ስለዚህ አላጋንንልሽም፣ ታርጌቱ ራሱ ጸሎት ነው አልልሽም። ግን አንድ ካርቶን ሲሞላ ይሄን ልብስ የሚለብሰውን ሰው ባርከው እላለሁ፣ ማን እንደሚለብሰው ሳላውቅ። ቀኑ ትንሽ ይለወጥብኛል። ለሱፐርቫይዘሬም እጸልይላታለሁ፣ መጀመሪያ በንዴት ነበር፣ አሁን ቀዝቅዣለሁ።

ደግሞ በራስሽ አማርኛ አውሪው። «ጌታ ሆይ ዛሬ ወገቤን አሞኛል፣ ልጄ አተኩሷታል፣ የወር ኪራይ ደርሷል» በይው። ይሄም ጸሎት ነው።

እናት ከሆጤ

@ዶርቃ ጥሩ ብለሻል። እኛም ጸሎተ ሐናን ዳዊቱ ላይ ከመዝሙሮቹ ቀጥሎ ከነቢያት ጸሎት ጋር እንደግመዋለን። እያጠባች መቅረቷን ግን እንዲህ አስቤው አላውቅም።

ነርሷ

ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል፣ እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ታጠቢያለሽ፣ በቂ አትተኚም፣ ቆመሽ እንቅልፍ ይወስድሻል፣ ጉልበት ይከዳሻል። ይሄ የእምነት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ከወሊድ በኋላ በጣም የተለመደ ነው። ስትነሺ ያዞርሻል? ደረጃ ስትወጪ ልብሽ ይመታል? ታችኛውን የዓይን ቆብሽን ዝቅ አድርገሽ በመስታወት እዪው፣ ውስጡ ከገረጣ ጤና ጣቢያ ሂጂና የደምሽን መጠን ተመርመሪ። ቀላል ምርመራ ነው።

አይረን እንክብል ከታዘዘልሽ ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰጂው፣ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክሉታል። ይሄን ወሎ ውስጥ መናገር ከባድ ነው፣ ከምሳ በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ ማን ይነሳል፣ ግን ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቂው። የጾም ምግብ ከሆነ ደግሞ ምስርና ጎመን ብዪ፣ ሎሚ ጨምቂበት፣ ሎሚው ብረቱን ሰውነትሽ በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። ለምታጠባ ሴት ምግብም ውሃም ከወትሮው በላይ ያስፈልጋታል፣ ንስሐ አባትሽን ስታናግሪ ይሄንንም ንገሪያቸው።

ድካም ብቻ ካልሆነ፣ ማለትም ያለ ምክንያት የሚያስለቅስሽ ከሆነ፣ ልጅሽን ማየት እንኳን ካስጠላሽ፣ እሱንም ለሐኪም ተናገሪ። በጸሎት እጦት የመጣ ነው ብለሽ ደብቀሽ እንዳትቀመጪ። ጸልዪም፣ ታከሚም።

የቦርከና ጎረቤት

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ርዕሱን አይቼ ነው የገባሁት፣ ይቅርታ 😊 ያቺ አጠገብሽ ያለችው ልጅ ግን እንዲህ ቀላል ሆኖላት እንዳይመስልሽ። እኔም ሥራ ቦታ ነው የምሰግደው። ምሳዬን ተሻምቼ ነው፣ አንዳንዴ ሰልፉ ረዝሞ ሳልበላ እመለሳለሁ፣ አለቃ ሲቀየር ደግሞ እንደገና ማስረዳት አለ። የሚይዘኝ ሰዓቱ ነው። ሰዓቱ ከደረሰ ደረሰ፣ ደስ አለኝም አላለኝም እነሳለሁ። እሜቴ ከላይ ስለ ሰዓት የጻፉት ለዚህ ነው ደስ ያለኝ፣ ዙሁር፣ የቀትሩ ሶላታችን፣ ከናንተ ስድስት ሰዓት ብዙ አይርቅም።

ስለዚህ ለምን አትነግሪያትም? «አንቺ ስትሰግጂ እኔም እጸልያለሁ» በያት። እሷ ስትሄድ አንቺ ዕቃዋን ጠብቂላት፣ ስትመለስ እሷ ያንቺን ትጠብቅ። እኛ ሰፈር ጎረቤቴ ቅዳሴ ስትሄድ ልጇን እኔ ነኝ የምይዝላት፣ እሷም በዒድ ቀን የእኔን ድስት ታማስልልኛለች፣ ሥጋው ሲገባ ብቻ ነው የምትርቀው 😂

የኮምቦልቻዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነርሷ ያለችውን የዓይን ቆብ አየሁት፣ ገርጥቷል መሰለኝ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለምወጣ እሄዳለሁ። ልጅቷንም ነገርኳት፣ ሳቀችና «ድሮስ ስልክሽን ምን አፍጥጠሽ ታዪዋለሽ» አለችኝ። @ዝምተኛው ያልከውም ከእሷ አፍ ሲመጣ አልከበደኝም።

እናቴ ልበልዎት፣ አንድ ነገር ብቻ። ንስሐ አባቴ ደሴ ናቸው፣ ኮምቦልቻ ከመጣሁ ወዲህ ብዙም አላገኘኋቸውም። ስለ ጾሙ በስልክ ብጠይቃቸው ነውር ይሆን? እስከ እሁድ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ የምመጣበት ጊዜ የለኝም።

እናት ከሆጤ

ምን ነውር አለው፣ ደውዪላቸው እንጂ። አሁን በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ላይ ይሻልሻል። ካላነሱ ደግሞ መልእክት ጻፊላቸው፣ የሚያጠባ ልጅ እንዳለሽና የሥራ ሰዓትሽን ጨምረሽ። ኑዛዜ ከሆነ ግን በስልክ አይሆንም፣ እሱን ስትመጪ።